የጂፗ አረንጓዴ የትኛው አረንጓዴ ነው?

የወንጂው ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ እያነበብኩ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ብቅ ብያለሁ።

የምኖረው አዳማ ነው። አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆማ የምታረጅ ጂፕ ነበረች። ድሮ ከሐራጅ ነው የገዛት። በየዓመቱ "ዘንድሮ አስነሳታለሁ" ይላል። ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ እየፈለፈሉ ዓመቱ ያልፋል። ባለፈው ፋሲካ "ውሰዳት፣ እኔ ከእንግዲህ ጉልበቱም የለኝ" አለኝ። በአይሱዙ አስጭኜ ፍራንኮ አካባቢ ያለ የጓደኛዬ ጋራዥ አስገባኋት።

ሞተሯ ተነስቷል። እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው ተራ በተራ እየተሠራ ነው። ባትላሜራው የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በይዶበታል። የቀረው ቀለም ነው። ቀላሉ ይቀራል ብዬ ነበር።

ከላይ ነጭ ናት። ከነጩ ሥር ሰማያዊ አለ። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ። አረንጓዴው ራሱ ግን አንድ አይደለም! ኮፋኖው (የሞተር ክዳኑ) ላይ አመድ የመሰለ ነው፣ ፓራፋንጎው (የጎማ መከለያው) ሥር ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ መሪው አካባቢ ደግሞ የጠቆረ ነው። ቀለም ቤት ሄጄ "ወታደራዊ አረንጓዴ" ስል ልጁ አራት ጣሳ ደረደረልኝ። አራቱም አይመሳሰሉም። "የትኛው ነው ትክክለኛው?" ብለው "የወደድከው" አለኝ።

ፎቶ አያይዣለሁ። የምታውቁ ተባበሩኝ።

ዳዶና ብሎን (ሰኞ፣ ማታ 3፡55)

እንኳን ደስ ያለህ። መጀመሪያ ምን እንደያዝክ እንወቅ። ክብ ፓራፋንጎ ይታየኛል። ሲጄ 5 ናት ወይስ ኤም 38 ኤ1? የኋላዋ ይከፈታል? ባትሪዋ ስንት ቮልት ነው?

የወንጂው ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 4፡10)

የኋላዋ አይከፈትም፣ ድፍን ነው። የፊት ግሪሏ ግን ማጠፊያ አለው፣ ወደፊት ይተኛል። ሽቦው ተቀይሮ 12 ቮልት ሆኗል፣ ሞተሪኖው ላይ ግን 24 የሚል ተጽፏል። ግራ ፓራፋንጎው ላይ የሆነ መብራት የነበረበት ቀዳዳ አለ፣ በስቱኮ ደፍነውታል።

ዳዶና ብሎን (ሰኞ፣ ማታ 4፡30)

በቃ፣ ኤም 38 ኤ1 ናት። ዊሊስ የሚባለው ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1952 ጀምሮ ለአሜሪካ ጦር የሠራት። ሲጄ 5 ከእሷ ተወልዳ ለሲቪል ገበያ የወጣች ልጇ ናት። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ሆኖ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ነበር። ሞተሯ 2.2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ግሪሉ የሚተኛው መካኒኩ ሞተሩ ላይ እንደልቡ እንዲሠራ ነው። ያ በስቱኮ የተደፈነው ቀዳዳ የጨለማ መንጃ መብራት የነበረበት ነው። ሌሊት በኮንቮይ ሲኬድ ጠላት እንዳያይ ጭላንጭል ብቻ የሚሰጥ። አትድፈነው፣ እባክህ ክፈተው።

ወደ እኛ እንዴት መጣች ካልክ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ በፈረንጆቹ ግንቦት 1953 የመከላከያ ድጋፍ ስምምነት ተፈራርመዋል። ከዚያ በፊትም ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ በእነሱ ትጥቅ ነው የተዋጋው። እርዳታው በፈረንጆቹ እስከ 1977 ቀጠለ። ከዚያ የሶቪየቱ ዋዝና ኡራል ቦታውን ያዘ። ስለዚህ ያንተዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የለበሰችው የአሜሪካ ጦር ቀለም ነው። ስሙ ኦሊቭ ድራብ ይባላል። ኦሊቭ ወይራ ነው፣ ድራብ ማለት ደግሞ ደብዛዛ፣ አፈር አፈር የሚል ነው።

ፈጣኑ ቀቢ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05)

ምን ያስጨንቃል ወንድሜ? ቁጥሩን ልስጥህ፣ 24087። ቀለም ቤት ግባ፣ ቁጥሩን ንገር፣ ቀብተህ ጨርስ። መኪና ነው እንጂ ታቦት አይደለም።

ዳዶና ብሎን (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40)

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ምክሩ ግን ያሳስታል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1956 የቀለም መለያ አወጡ፣ ፌዴራል ስታንዳርድ 595 የሚባል። ባለ አምስት አሃዝ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ አንጸባራቂነቱን ይነግርሃል። 1 የሚያብለጨልጭ፣ 2 ግማሽ ለስላሳ፣ 3 ድብዝዝ። ስለዚህ 24087 እና 34087 አንድ ቀለም ናቸው፣ ብርሃን አጣጣላቸው ነው የሚለየው።

ችግሩ ምን መሰለህ? ያ መጽሐፍ በየጊዜው ታርሟል። በአንድ ቁጥር ሥር የተለጠፈችው ናሙና ከእትም እትም ትለያያለች። በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ስታንዳርዱ ራሱ ተሽሮ በሌላ ተተካ። አንዱ ቀለም ቤት የአዲሱን ቀመር ይዞ፣ ሌላው የአሮጌውን ይዞ፣ ሁለቱም "24087 ነው" ብለው ይምላሉ። ሁለቱም አይዋሹም።

ኤም 38 ኤ1 ሥራ የጀመረችውም ስታንዳርዱ ከመውጣቱ 4 ዓመት ቀድማ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ መነሻ ይሁንህ እንጂ ዳኛ አታድርገው።

ሐይቅ ዳር (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡15)

ከሐዋሳ ሰላም። እኔ የሠራሁትን አትሥራ ለማለት ብቻ ነው የመጣሁት።

አሮጌ ላንድሮቨር አለችኝ። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አላስቸገረኝም። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ብረት በኮታ ስለነበር ነው ላንድሮቨሮች አሉሚኒየም የለበሱት። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ከአውሮፕላን ሥራ በተረፈ አረንጓዴ ነው የተቀቡት። ይህን ሳነብ ልቤ ተነሳ። ኢንተርኔት ላይ አንድ የሚያምር ፎቶ አገኘሁ፣ ስልኬን ይዤ ቀለም ቤት ገባሁ፣ "ይህን አስመስልልኝ" አልኩ። ልጁ ስክሪኑን እያየ አስመሰለ። ስክሪኑ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እንደሚያደርግ እሱም አልጠረጠረ፣ እኔም አልጠረጠርኩ።

ውጤቱ? ጎመን ክትፎ። ሰፈሩ እስካሁን "ጎመኗ መጣች" ነው የሚለኝ።

የወንጂው ልጅ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡00)

ሃሃሃ! የእኔን ፎቶ አይታችሁ "ይሄ ነው" እንዳትሉኝ በቃ። ታዲያ በምን ልመን?

ኬሚስቷ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30)

ወንድሜ፣ መኪናዋን ራሷን ጠይቃት። እኔ ቀለም ቅመማ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ሻይህን ያዝ።

ፀሐይ ያላየችውን ቦታ ፈልግ። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ የፋብሪካ ፕሌቶች አሉ አይደል? በጥንቃቄ ፍታቸው። ከሥራቸው ያለው ቀለም ያልተነካ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ሌሎችም አሉ። ግሪሉ ከሻንሲው የሚገናኝበት፣ የባትሪ ሳጥኑ ጀርባ፣ ብሎኖች የተጫኑት ክብ ቦታ።

ከዚያ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያረጠብክ፣ አንድ ሳንቲም የሚያህል ቦታ ቀስ ብለህ ፈግፍግ። መሃሉ ላይ ብረቱ እስኪታይ። ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ክብ ክብ ሠርተው ይወጡልሃል። ከውጭ ወደ ውስጥ ቁጠራቸው፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያው)፣ ብረት። የምትፈልገው አንቲረስቱን የነካው አረንጓዴ ነው። ከእሱ በላይ ያሉት በኋላ የተደረቡ ናቸው።

በውሃ ያልኩህ በምክንያት ነው። የዚያ ዘመን ቀለምና አንቲረስት እርሳስና ክሮሜት የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ሊኖሩት ይችላሉ። በደረቁ ፈግፍገህ አቧራውን አትተንፍስ። በላም አካባቢ፣ በልጆች አካባቢ አትሥራው። ጭንብል አድርግ፣ ያጠብከውን ውሃ ግቢ ውስጥ አትድፋው፣ ልብስህንም ከቤት ልብስ ጋር አታጥብ። አሁን በአገራችን ሕግ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም፤ ያኔ ግን የሚጠይቅ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም የማይነግርህ። ፀሐይ ያላየው ቀለምም ይዋሻል። በዘይትና አልኪድ በሚባለው ማያያዣ ሙጫ የተሠራ ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ፕሌቱን አንስተህ ያየኸው ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ ወዲያው አትመን። ያን ቦታ ለሁለት ሦስት ሳምንት መስኮት አጠገብ ብርሃን አሳየው። ቢጫው በከፊል ይለቃል። ኮፋኖው ላይ ያለው አመዳማ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፀሐይ ማያያዣውን በልታው ዱቄት ሆኗል። በጣትህ ጠረግ አድርገው፣ ጣትህ ላይ ይቀራል። ውሃ ስታስነካው ይጠቁርና "አገኘሁት" ትላለህ። እሱም አይደለም፣ እርጥብ ቀለም ሁሉ ጥቁር ነው። ዱቄቱን በፖሊሽ ቀስ ብለህ አንሳና ከሥር ያለውን ተመልከት።

እውነቱ እንግዲህ ከቢጫውና ከአመዱ መካከል ነው ያለው።

ፈጣኑ ቀቢ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ሦስት ሳምንት ዳሽቦርድ ፀሐይ ማስሞቅ? እህቴ፣ እኔ በሦስት ሳምንት አሥር ሚኒባስ አወጣለሁ።

ኬሚስቷ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡08)

ለዚያ ነዋ አሥሩም የማይመሳሰሉት 😄

ጋሽ ኩሽኔታ (ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50)

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ጋራዥ የገባሁት ገና በልጅነቴ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ከጣሊያን የተማሩ ነበሩ። እስከ ዛሬ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የምንለው ከዚያው የቀረ ነው።

ኬሚስቷ ልክ ብላለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። የወታደር መኪና አንድ ቀለም ብቻ ነበረው ብላችሁ አታስቡ። ከፋብሪካ ሲመጣ አንድ ነው። ጥገና ገብቶ ሲወጣ ሌላ ነው። ያኔ የሚቀባው በብሩሽ ነበር። ጣሳው ሊያልቅ ሲል አኳራጅ ይጨመርበታል፣ ይቀጥናል፣ ይፈዛል። ጥቁር ከበዛ ጠቆረ፣ ቢጫ ከበዛ ቢጫ ሆነ። አንዱን ጂፕ ከአንዱ ጎን ስታቆመው ወንድማማች እንጂ መንታ አይመስሉም።

ስለዚህ ልጄ፣ ስትፈገፍግ የብሩሽ ጭረት ካየህ እሱ የጥገና ነው። ለስላሳ ሆኖ የወረደው የፋብሪካ ነው።

የወንጂው ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የብሩሽ ጭረት አይቼ ነበር፣ የባትላሜራው ሥራ መስሎኝ ነበር። እንደገና አየዋለሁ።

ሐይቅ ዳር (ረቡዕ፣ ከሰዓት 6፡30)

ጋሽ ኩሽኔታ፣ እርስዎ በዚህ ቤት ሲጽፉ ደስ ይለኛል። አንድ ጥያቄ፣ አሸዋ ንፊት ላድርግ ቢል ይከፋል? ቀለሙን በአንድ ጊዜ ያነሳለታል።

ጋሽ ኩሽኔታ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡10)

ሻንሲና ቸርኬ ላይ ይሁን። ኮፋኖና ጎን ላይ ግን አይሞክረው። ላሜራው ስስ ነው፣ የአሸዋው ምት ያጣምመዋል። ከዚያ ስቱኮ በኪሎ ነው። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ደግሞ ብናኙ ሳንባ ይበላል። ሁለት ጓደኞቼ ዛሬም ያስላሉ። የቀለም ማንሻ ኬሚካልና ትዕግስት ይበቃል።

የወንጂው ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ማታ 2፡45)

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ውጤት ይዤ መጥቻለሁ።

ፕሌቶቹን ፈታሁ። ሁለቱ ብሎኖች ተሰበሩ፣ በድሪል አወጣኋቸው። ከትልቋ ፕሌት ሥር አራት መአዘን ሆኖ የተቀመጠ ቀለም አገኘሁ። እንዳላችሁት ቢጫ ቢጫ ይላል። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ጋራዡ መስኮት ላይ አቆምኩት። አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ለውጡ ይታያል! በወረቀት ግማሹን ሸፍኜው ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ሳነሳ መስመር ሠርቷል። የተሸፈነው ሰናፍጭ፣ የተገለጠው ወይራ።

ንብርብሩንም በስድስት ቦታ ፈገፈግኩ። አረንጓዴው ሦስት ሆኖ ተገኘ። ከላይ ያለው የብሩሽ ጭረት አለው። ሁለተኛውም አለው፣ ጠቆር ይላል። ሦስተኛው ቀይ ቡናማ አንቲረስት ላይ ያረፈ ለስላሳ ነው። ከዳሽቦርዱ ጋር አንድ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህን እንዴት ወደ ጣሳ እንደምለውጠው ነው። ቀለም ቤቱ ማንበቢያ ማሽን አለው፣ ያንን ላምነው?

ኬሚስቷ (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡20)

በርታ! ወረቀት ሸፍነህ ማወዳደርህ በጣም ጎበዝ ነህ።

ማሽኑን ተጠቀም፣ ግን መነሻ አድርገው። ማሽኑ ጠፍጣፋና ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል፣ ያንተዋ ፕሌት ሥር ያለው ይበቃዋል። የሚሰጥህን ቀመር ከመግዛትህ በፊት ግን ሩብ ሊትር ብቻ አስቀምም። ኦሊቭ ድራብ ከባድ ቀለም አይደለም። ኦከር ቢጫና ጥቁር ብቻ ብትቀላቅል ዓይንህ አረንጓዴ ያያል። ከዚያ በኋላ ጭልፋ ጭልፋ ሳይሆን ጠብታ ጠብታ ነው። ጥቁር በጣም ኃይለኛ ነው፣ አንዴ ካለፈ አይመለስም። ሁልጊዜ ጥቁሩን ወደ ቢጫው ጨምር እንጂ ቢጫውን ወደ ጥቁሩ አታድርግ።

በላሜራ ቁራጭ ላይ ንፋ። በጣት ቀብተህ አትፍረድ። ደርቆ ያድር፣ እርጥቡና ደረቁ አይመሳሰልም። ከዚያ ናሙናውን ከዳሽቦርዱ ጎን አድርገህ በሦስት ብርሃን እየው፣ ጠዋት ጥላ ውስጥ፣ ቀትር ፀሐይ ላይ፣ ማታ አምፖል ሥር። ቀለም ቤቱ አምፖል ሥር መንታ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች ደጅ ሲወጡ ይጣላሉ። በተለያየ ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) ስለተሠሩ ነው። በሦስቱም ብርሃን ካልተጣሉ ያኔ ጨርሰሃል።

አንጸባራቂነቱንም አትርሳ። ቀለሙ ልክ ሆኖ ብልጭ ካለ ጠቆር ብሎ ይታይሃል፣ ድብዝዝ ካለ ነጣ ይላል። የመኪና ቀለም ቤቶች በልማድ ከላይ ክሊር (ቀለም የሌለው የሚያብለጨልጭ ሽፋን) ይደርባሉ። "ክሊር አልፈልግም" ብለህ አስቀድመህ ተናገር። አለበለዚያ ጂፕህ እንደ ሙሽራ መኪና ታበራለች።

ፈጣኑ ቀቢ (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡35)

እሺ፣ ይህኛው ላይ ተስማምቻለሁ። እንዲያውም ስትነፋ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምር። አዳማ ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ አቧራ ያመጣብሃል። ወለሉን ውሃ እርጭበት። ሙቀቱ ስላለ ፈጣን ቲነር አትጠቀም፣ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ግዛ። ሰዎች ፈጣኑ ቢሉኝም ሥራዬን አውቃለሁ።

ሐይቅ ዳር (ቅዳሜ፣ ማታ 3፡50)

እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሐይቁ ዳር እርጥበቱ ሲበዛ የናይትሮ ቀለም ነጭ ነጭ ይልብሃል። ወይ አዳማ ወይ ሐዋሳ፣ ማረፊያ የለም።

የወንጂው ልጅ (በሳምንቱ፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡30)

አምስት ናሙና ነፋሁ። ሦስተኛው በሦስቱም ብርሃን ከዳሽቦርዱ ጋር ገጠመ። ደስ ብሎኝ አጎቴን ጠራሁት። አምስቱን ደርድሬ "የትኛዋ ናት ያንተ ጂፕ?" አልኩት።

አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበም። አምስተኛዋን አነሳ። አመዳማዋን! "ይቺ ናት። እኔ ስገዛት እንዲህ ነበረች" አለኝ። ከገዛት በኋላ ነው ሰማያዊ ያስቀባት፣ ሐራጅ ስትወጣ ፀሐይ በልቷት እንደነበር አልተገነዘበም። ለእሱ የመጀመሪያው ቀለም ያ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? የፋብሪካዋን ወይስ የአጎቴን?

ዳዶና ብሎን (እሑድ፣ ማታ 1፡00)

የፋብሪካውን። ይህን ሁሉ የለፋኸው ለእሱ ነው። የአጎትህ አመድ ደግሞ በጊዜው ይመጣል፣ አዳማ ፀሐይ ላይ አምስት ዓመት አቁማት።

ሐይቅ ዳር (እሑድ፣ ማታ 1፡12)

እኔ አልስማማም። እሱ ነው ያኖራት። ሰማያዊም ትሁን ብሎ ቢፈርድ መብቱ ነው።

ጋሽ ኩሽኔታ (እሑድ፣ ማታ 2፡05)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን መኪናዋ ሁለት ጊዜ አትቀባም። ልጄ፣ አጎትህን በአዲሱ ቀለም ውስጥ አስቀምጠህ አንድ ዙር አሽከርክረው። የድሮዋን እሱ ራሱ ይረሳታል።

ሌላ ደግሞ፣ ሊብሬህ ላይ ቀለሟ ነጭ ተብሎ ይሆናል። ከመቀባትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ቀለም መቀየር ምን እንደሚጠይቅ ጠይቅ። ኮከብ፣ ቁጥር፣ የክፍለ ጦር ምልክት ለመጻፍም ካሰብክ አብረህ ጠይቅ። ኬላ ላይ "ማን ነህ?" ከመባል ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የወንጂው ልጅ (ከአንድ ወር በኋላ፣ ዓርብ፣ ማታ 3፡10)

ፎቶው ይኸው። ሦስተኛዋ ናሙና ናት። የቀለም ለውጡን ወረቀት አስጨርሻለሁ፣ ኮከብ አላደረግኩባትም። የጨለማ መብራቱን ቀዳዳ ከፍቼዋለሁ፣ መብራቱን ግን ገና አላገኘሁም። ያለው ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ነው የነፋነው፣ አቧራ አልያዛትም። ፈጣኑ ቀቢ፣ ቲነሩ ላይ ያልከው በጣም ጠቅሞናል።

ዳሽቦርዱን ከፊት ቀባሁት፣ ከትልቋ ፕሌት ሥር ያለችውን አራት መአዘን ግን አልነካኋትም። በቴፕ ሸፍኜ ነፍቼ፣ ቴፑን አንስቼ፣ ፕሌቷን መልሼ አሰርኩባት። ከእኔ በኋላ የሚፈታት ሰው ያያታል።

አጎቴ ዛሬ ከወንጂ መጣ። ዞሮ ዞሮ አያት። "ትንሽ ጠቆረች" አለ። ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎኝ ወጣ። ይኸው ሁለት ሰዓት ሆነው፣ አልተመለሰም።

ጋሽ ኩሽኔታ (ዓርብ፣ ማታ 3፡25)

ቤንዚን ስንት ነበራት?